ሌሊት ባትሪዋን የሚጠጣው

ባሱንዳ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አንዳርጋቸው፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ እትዬ ደብሪቱንና ልጃችሁን ታምሬን በሙሉ ጤና ያግኛችሁ። የጎንደር ብርድ አይጠንክርባችሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ላያስታውሱኝ ይችላሉ። እናቴ የአጎትዎ የልጅ ልጅ ናት። አዘዞ ለተዝካር ተሰብስበን ሳለ ጠላ ስቀዳ ሱሪዎ ላይ የደፋሁት ልጅ እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሲጮህብኝ እርስዎ ብቻ «ተዉአት፣ እግሬንም ጠምቶት ነበር» አሉ። በዚያ ድፍረት እጽፋለሁ።

ገንዘብ ልጠይቅዎ አይደለም። ልብስም አይደለም። የምጠይቅዎ ስለ ባትሪ ነው።

የምሠራው ከገዳሪፍ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአንድ ሰፈር ክሊኒክ በጤና ረዳትነት ነው። የማዋልደውም እኔ ነኝ። መንገዱ እንደደረቀ ለክሊኒኩ አንዲት ነጭ ፒካፕ ተሰጠችን። እዚህ ቦክሲ ይሏታል። ካርቱም ሌላ መሥሪያ ቤት ሲነዳት ቆይቷል፤ ሞዴሏ ግን አዲስ ነው። ቀን ቀን እንዴት ያለች መኪና መሰለችዎ! ጠዋት ግን አትነሳም። ሹፌራችን አደም ቁልፉን ሲያዞር «ጠቅ» ትላለች። ከዚያ ዝም። ሰው ጠርተን ገፍተን እናስነሳታለን። በማግስቱ እንደገና። ባትሪ ተለወጠላት፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነ።

አሁን በጋ ነው። መሬቱ ደረቅ ነው፤ ገፊ አናጣም። የሚያስፈራኝ ኸሪፍ ነው፤ ክረምቱን እንዲህ ይሉታል። አፈሩ ጥቁር ነው። ዝናብ ሲነካው ከእግር ጫማ ያወልቃል፤ ያኔ መኪና የሚገፋ ሰው የለም፤ ራሱንም የሚገፋ የለም። ባለፈው ኸሪፍ ምጥ የጠናባትን ሴት በትራክተር ተጎታች ጭነን ስንሄድ መንገድ ላይ አለፈች። እጇን ይዤ ነበር። እጇ ሲቀዘቅዝ ትራክተሩ ገና እየሄደ ነበር።

ይህች መኪና ዝናብ ሳይጥል ያለ ገፊ መነሳት አለባት። ገዳሪፍ ያሉት ሠራተኞች «ባትሪ ቀይሩ» ብቻ ይላሉ። እናቴ ግን ስለ እርስዎ ስታወራ «አንዳርጋቸው መኪና ከመንካቱ በፊት ይጠይቃታል» ትል ነበር። እባክዎ ይጠይቁልኝ።

አክባሪዎ፣
ያለምወርቅ

*

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለያለምወርቅ፣

ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛ፤ እጅሽም የያዘውን በሰላም ያውጣ። ጠላው ከሱሪዬ ለቋል፤ አይዞሽ።

እኛ ደህና ነን። ታምሬ ለእናት አገር ጥሪ ከሄደ ዓመት አልፎታል። ጤና ነው ብለን እናምናለን። ደብሪቱ ትጸልያለች። ሱቁ እንደ ድሮው ነው፤ ባትሪ ይመጣል፣ ባትሪ ይሄዳል።

ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። በሽተኛውን ሳያዩ ማከም ለኔ አዲስ ነው፤ ስለዚህ ዓይኔ አንቺ ሁኚልኝ።

ጠዋት ቁልፉ ሳይዞር የፊት መብራቱን አብሩ። አንቺ ከፊት ቁሚ፤ አደም ያዙር። መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ባዶ ነው። ካልደበዘዘ ግን ሕመሙ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጋ ነው፤ እሱን በሌላ ደብዳቤ።

ቀጥሎ በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ የታሰሩትን እዩ። ነጭ ዱቄት ካበቀሉ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ።

ሞተሩ ሲሠራ ቀዩዋ የባትሪ መብራት ጨርሳ መጥፋት አለባት። ያኔ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ነው። ግን ሲመሻሽ እዩዋት። ቀን ፀሐይ ትዋሻለች።

አሁን ዋናው። ማታ ስታቆሟት የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱ። ጠዋት መልሳችሁ እሰሩ። በሰላም ከተነሳች፣ ተኝታ ሳለች የሚጠጣት ነገር አለ ማለት ነው። እሱን ለማግኘት አንድ የፍሬን አምፖል በሁለት ሽቦ እሰሩ። አንዱን ጫፍ ከፈታችሁት ገመድ፣ ሌላውን ከባትሪው ራስ አገናኙ። መኪናዋ ላይ ሁሉም ነገር ጠፍቶ አምፖሉ ከበራ ሌባው ቤት ውስጥ ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። አምፖሉን ያጠፋው ፊውዝ ሌባውን ይጠቁማችኋል።

ከባትሪው ጋር የተገናኘውን ነገር ሁሉ ጻፊልኝ። አንድም አይቅር።

መንገዱ ላይ ስላለፈችው ሴት የጻፍሽውን ለደብሪቱ አነበብኩላት። 

አንዳርጋቸው

*

ባሱንዳ፣ የካቲት 2 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለጋሼ አንዳርጋቸው፣

እጅዎን እግዚአብሔር ይባርከው፤ የሱቅዎም በር ደንበኛ አይጣ። ደብዳቤዎ ሲደርስ አደም ቆሞ እያለ እንዳነበው አስገደደኝ። ስጨርስ ምን እንዳለ ልንገርዎ፤ «ሲት» የሚለኝ እመቤት ለማለት ነው። «ሲት ያለም፣ ይህ ሰውዬ ጎንደር ተቀምጦ ኮፈናችን ውስጥ እጁን ከተተ እኮ! ዋላሂ ቁልፍ ያቀብሉኝ ሊል ነው።»

ያሉትን ሁሉ አደረግን።

መብራቱ ደበዘዘ። እንደሚተኛ ሰው ዓይን ቀስ ብሎ ነው የከደነው። የባትሪው ራሶች ነጭ ዱቄት አብቅለው ነበር፤ አጠብን፣ ፈቀን፣ አሰርን። ትንሽ ለውጥ አለ፤ ግን አልዳነችም።

ቀዩዋ መብራት አትጠፋም። ቀን የጠፋች ትመስላለች፤ ሲመሻሽ ግን አመድ ውስጥ እንደቀረ ፍም ሆና አየናት። አደም እጁን ጋርዶባት ብዙ ጊዜ አያት። «ስንት ወር ዋሸችኝ» አለ።

ኔጌቲቩን ፈትተን ባሳደርንባቸው ቀናት ጠዋት ጠዋት ሳታንገራግር ተነሳች። ሕፃናቱ ለመግፋት መጥተው አዝነው ተመለሱ።

ከዚያ አምፖሉ። ሁሉም ጠፍቶ በራ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልን። የመጨረሻው ከወጣም በኋላ አምፖሉ እንደበራ ነው።

ከባትሪው ጋር የተገናኘው ይህ ነው፦ የፊትና የኋላ መብራት፣ ጡሩምባ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የውስጥ መብራት፣ ሞተሪኖው፣ ዲናሞው። ሌላ የለም።

ስለ ታምሬ ሁልጊዜ አስባለሁ። ለእትዬ ደብሪቱ ይንገሩልኝ።

ያለምወርቅ

*

ጎንደር፣ መጋቢት 17 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለያለምወርቅ፣

ጾሙ በሰላም ያውጣሽ። አደምን «የዋሸችህ መብራት እኔንም ዋሽታኛለች፤ ብዙ ዓመት» በይልኝ።

መኪናዋ ሁለት ሕመም አላት። አንደኛው፣ ዲናሞው በቅጡ አይሞላትም። ይህ ቀላል ነው፤ መላ አበጅለታለሁ። ሁለተኛው፣ የሚጠጣት አለ።

ፊውዞቹ ሁሉ ወጥተው አምፖሉ ከበራ፣ በፊውዝ በኩል የማያልፍ ሽቦ አለ። ከባትሪው ራስ በቀጥታ የተነሳ። ፋብሪካ እንዲህ አይሠራም። ሰው ነው የሠራው። ሰው ደግሞ ከባትሪ በቀጥታ ሽቦ የሚያወጣው ካላወቀ ወይም ከቸኮለ ነው። ከምትጽፊልኝ እንደምረዳው አደም አላዋቂ አይደለም። ታዲያ ለምን ቸኮለ? ይህን ሳስብ ነው የሰነበትኩት።

«ሌላ የለም» ብለሻል። እሺ።

ትናንት አንድ የጭነት መኪና ከሰሜን መጣ። ሞተሪኖው ተቃጥሎ ነበር። ሹፌሩ ወጣት ነው። እየሠራሁለት ከየት እንደመጣ ልጠይቀው አሰብኩ። ሠራሁለት። ቁልፉን አዞረ፣ ተነሳ፣ ሄደ።

የሰሊጥ ነጋዴው ኢስሃቅ ከፋሲካ በኋላ ወደኛ ይመጣል ተብሏል። ሰላምታሽን በሱ ብትልኪልን ደስ ይለናል።

አንዳርጋቸው

*

ባሱንዳ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ጋሼ አንዳርጋቸው፣

እንኳን አብሮ ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰን። ሰላምታዬን በኢስሃቅ እንድልክ ያሉት ገብቶኛል። ይህ ወረቀት ከኢስሃቅ እጅ ወደ እጅዎ ነው የሚገባው፤ የሚከፍተው ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ እውነቱን እጽፋለሁ።

«ሌላ የለም» ያልኩት ውሸት ነው። በፖስታ የሚሄደው ሁሉ እንደሚነበብ ስለማውቅ፣ በእርስዎ ላይ ጣጣ እንዳይመጣ ብዬ ነው የተውኩት። ሲዋሹኝ እንደማልወድ ሁሉ ስዋሽም እጄ ከበደኝ።

የሚጠጣት ራዲዮ ነው።

ከማዶ፣ ከበረሃ የሚተላለፈው ራዲዮ ማታ ማታ የተማረኩ ወታደሮችን ስም ያነባል። ስም፣ የአባት ስም፣ የተወለዱበት አውራጃ። ሌላ ነገር ስለሱ አልጽፍም፤ ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። ከአገር ተሰደው እዚህ ያሉ፣ ልጆቻቸው የዘመቱባቸው እናቶች የሚፈልጉት ስሙን ብቻ ነው። ስሙ የተነበበ ልጅ በሕይወት አለ።

ራዲዮው የራሒማ ነው። ራሒማ ሻይ ትሸጣለች፤ እዚሁ ሱዳን ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፣ ከዘመዷ የዘመተባት የለም። ግን የባትሪ ድንጋዮቹን ቀን ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ታሞቃቸዋለች፤ ሲሞቁ ትንሽ ነፍስ ይዘራባቸዋል። ማታ ለእናቶቹ ትከፍትላቸዋለች። የአገራችን መንግሥት ጣቢያውን በጩኸት ስለሚያፍነው ፍለጋው ብቻ ሰዓት ይፈጃል።

አደም ለምን ቸኮለ ብለው ጠይቀዋል። ከእናቶቹ አንዷ ሙሉዬ ትባላለች። ሁለት ወንድ ልጆቿ ዘምተዋል፤ ጆሮዋ ደግሞ ይከብዳታል። ፒካፗ በመጣችበት ሳምንት አንድ ማታ የአውራጃዋ ልጆች ስም ተነበበ። እሷ ከኋላ ነበረች። ሰው ታቅፎ የሚያዳምጠው ትንሽ ራዲዮ ድምፁ አልደረሳትም። «ምን አለ? ምን አለ?» እያለች የሁሉንም ልብስ ጎተተች። የልጆቿ ስም እንዳልነበረ እየማልን ነገርናት። አላመነችንም። እስካሁንም የምታምነን አይመስለኝም።

በማግስቱ አደም ገዳሪፍ ሄዶ አሮጌ ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ። የማጉያውንም የራዲዮውንም ቀይ ሽቦ ከፒካፗ ባትሪ በቀጥታ፣ ጥቁሩን ከመኪናዋ ብረት ጋር አሰረ፤ ማታውኑ እንዲደርስ። ራዲዮው ሲዘጋ ማጉያው አይዘጋም፤ መዝጊያ የለውም። ቀንም ሌሊትም እንደ ንብ ይጮሃል። እኛም ጩኸቱን ስለለመድነው አንሰማውም ነበር።

አምፖልዎ ሲበራ ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን። አደም «ያዘን» አለ። ራሒማም «አንተ የባትሪ ሌባ፣ አሁን እኔ ልታሰርልህ ነው?» አለችው።

ኔጌቲቩን ፈትተን ባሳደርናቸው ማታዎች እናቶቹ እንደ ወትሮው መጡ። ራዲዮ እንደሌለ ያውቃሉ። ግን መጡና ፒካፗን ከበው ተቀመጡ።  እኔ በዚያ ዝምታ ውስጥ እየተንጎራደድኩ፣ ይህን ያደረግኩት ለየትኛዋ እናት እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ። ገና ላልወለደችው? ወይስ ወልዳ ለጠፋባት?

አንድ ነገር ይቀራል። እኔም እየሰማሁ ነው። እርስዎ አልጠየቁኝም፣ ሊጠይቁኝም አይችሉም ነበር። የማዳምጠው «ታምሬ አንዳርጋቸው፣ ጎንደር» የሚለውን ነው። ከመጋቢት ወዲህ ስሞቹ በጣም በዝተዋል፤ አንድ ማታ አንብበው አይጨርሱም። እስከ ዛሬ የሱ አልተነበበም።

ኸሪፍ ሲገባ ፒካፗ እንደ በጋው አትነዳም። መንገዱ ይዘጋል፤ ያለንን ናፍጣ ለታማሚ እናስቀምጠዋለን። ስለዚህ ዲናሞው ቢድንም የሚሞላበት ጊዜ የለውም። ራዲዮው ግን በየማታው ይጠጣል። ምን ላድርግ? እርስዎ ይፍረዱ። ከሌላ ሰው ፍርድ አልቀበልም።

ያለምወርቅ

*

ጎንደር፣ ግንቦት 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ልጄ ያለም፣

የልደታ በረከት አይለይሽ። ኢስሃቅ እየጠበቀኝ ነው፤ ሻይ ሦስተኛ ቀድቼለታለሁ።

በጨርቅ የተጠቀለሉት ሁለቱ ጥቁር ነገሮች የዲናሞው ካርቦኖች ናቸው። የናንተን መኪና የሚሆን እዚህ የለም። ከትልቅ መኪና ወስጄ በሞረድ አሳንሼአቸዋለሁ። አደም ዲናሞውን አውርዶ ያረጁትን አውጥቶ እነዚህን ያግባ። ከሰፉ ትንሽ ይፈቃቸው፤ በቤታቸው ውስጥ በነፃነት መንሸራተት አለባቸው። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋም ይወጥር። ላልቶ ከሆነ ዲናሞው ይሽከረከራል እንጂ አይሠራም። ቀዩዋ መብራት በምሽት ጨርሳ ከጠፋች አንደኛው ሕመም ድኗል።

ለማጉያው መዝጊያ ልኬአለሁ። ከአምፖል ማብሪያ የተሠራ ነው። ለአደም ስህተቱ የመዝጊያው መቅረት እንጂ ሽቦው እንዳልሆነ ንገሪው፤ ለአንዲት እናት ጆሮ ብሎ ገዳሪፍ ድረስ የሄደን ሰው እኔ ምን እለዋለሁ። እዚህ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ሽቦ የሚቀጥል ሰው ብዙ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ቅጥል ግን አላየሁም። ራሒማንም ሳሚልኝ፤ ማለቴ በአንቺ በኩል።

አሁን ኸሪፉ።

እውነቱን ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ሽቦውን ወፍራም አድርጉት፣ ድምፁ ይጨምር፣ አንድ ማታ አታስተጓጉሉ ማለት ነበር። እጄ እስክሪብቶ አንስቶ ነበር። ያንቺን ስም ጽፌ ተውኩት። ወጥቼ ሱቁ በር ላይ ቆምኩ። አንድ ሰውዬ አህያ እየነዳ አለፈ። ተመልሼ ገባሁ።

መኪና አንድ ባትሪ ነው ያላት። ኸሪፍ ሲገባ ሽቦውን ፍቱት። መዝጊያውን መዝጋት አይበቃም፤ ሰው ሊከፍተው ያምረዋል፣ እኔ ብሆን ያምረኝ ነበር። ፍቱትና ራሒማ ቤት አስቀምጡት። ዝናቡ እስኪያባራ ባትሪው ለቁልፉ ብቻ ይሁን። ማንም ቁልፉን ሲያዞር ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚያስነሳ ኃይል ይኑረው፤ አንዴ ለመነሳት፣ አንዴ መንገድ ላይ ሞተሩ ቢጠፋ።

የፈረድኩት ይህን ነው። እናቶቹ ይቅር ይበሉኝ።

ለደብሪቱ ይህን አላነበብኩላትም። መኪናዋ እየዳነች እንደሆነ ብቻ ነግሬአታለሁ።

አንዳርጋቸው

*

ጎንደር፣ ነሐሴ 10 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለያለምወርቅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እዚህ ዝናቡ ከባድ ነው። እዚያስ?

ስለ መኪናዋ ምንም አልሰማሁም። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

ተነሳች?

አንዳርጋቸው

*

ባሱንዳ፣ መስከረም 14 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለጋሼ አንዳርጋቸው፣

ዘመኑን የጤና ያድርግልን፤ ለእናንተም የምትጠብቁትን ይስጣችሁ። አጭሯ ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰችኝ። የወር ጉዞዋ ላይ ሆና እኔን ስትጠይቀኝ እንደከረመች ሳስብ አፈርኩ። ይህን ኢስሃቅ ይዞት ይመጣል፤ መንገዱ ገና ለአህያ ብቻ ነው የተከፈተው።

ተነሳች።

ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ካርቦኖቹ ልክ ገቡ። አደም አንዱን ብቻ ጥቂት ፈቀው። ያን ምሽት ሞተሩን አስነስቶ ጠራኝ። ቀዩዋ መብራት የለችም። በመዳፉ ጋረዳት፣ ፊቱን አስጠግቶ አየ፣ የለችም። «ያለም፣ ይህን ሰው ሳላውቀው ልሞት ነበር» አለ። ከዚያ ወጥቶ ከራሒማ ዘንድ ለሁላችን ሻይ አዘዘ። ራሒማም «ሻዩን የምትከፍለው አንተ ነህ ወይስ ጎንደሬው?» አለችው።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት እናቶቹን በክሊኒኩ ዳስ ሥር ሰብስቤ ፍርድዎን አነበብኩላቸው። ስምዎን አልጠራሁም። «ልጁ ያልተገኘለት አባት ነው የጻፈው» ብቻ አልኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። አንዷ አለቀሰች። ሌላዋ «እሱ ምን ቸገረው» አለች፤ ግን ቀጥሎ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሙሉዬ ያነበብኩትን ስላልሰማች አደም ጆሮዋ ላይ ጮሆ ነገራት። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነበር። ከሁሉም በላይ የፈራሁት እሷን ነው። ሙሉዬ ተነስታ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ፒካፗ ጋ ደርሳ ኮፈኑን በመዳፏ መታችው። «ክፈት!»

አደም ከፈተላት።

«የትኛው ነው?»

«ጥቁሩን አስቀድሚ ኻልቲ፣ ቀዩን በኋላ!»

«ጥቁር ማስቀደም ለኔ አዲስ አይደለም» አለችና በገዛ እጇ ፈታችው። ከዚያ ወደኛ ዞረች። ድምፅዋ ሁልጊዜም ከፍ ያለ ነው፤ ራሷን ስለማትሰማ። «ምን ታለቅሳላችሁ? የራዲዮው ሰውዬ እኛ ሰማነው አልሰማነው ስሙን ያነበዋል። ልጁም ከተገኘ ተገኝቷል። ይህች ግን ሳትነሳ ከቀረች የሚያነሳት የለም።»

ጋሼ፣ እኔ ስንት ምጥ አይቻለሁ። እንደዚያች ሴት ያለ ብርታት ግን በምጥ ላይም አላየሁም።

ነሐሴ ውስጥ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከፋሽጋ የሰሊጥ እርሻ አረም ሊያርሙ ከመጡት ሰዎች መካከል አምሳለ የምትባል ወጣት በቃሬዛ አመጡ። ሕፃኑ እጁን አስቀድሞ ነበር። እኔ ልመልሰው የማልችለው ነገር ነው። ገዳሪፍ ካልደረሰች ሁለቱም ያልቃሉ።

አደም መሪው ላይ ተቀመጠ። ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ፊቱን በክንዱ ጠረገ። አዞረ። አንዴ። ተነሳች። አጠገባችን የቆሙት ሰዎች እልል አላሉም፤ ድምፅ ቢያወጡ የምትጠፋ መስሏቸው አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

የአምሳለ ባልና ጓደኞቹ የማሽላ አገዳ ተሸክመው ከፊት ከፊት ሄዱ። ጭቃው በላላበት ሁሉ አገዳውን ከጎማው ሥር ያነጥፋሉ፤ ካለፍን በኋላ አንስተው እየሮጡ እንደገና ከፊት ያነጥፋሉ። እኔ ከኋላ ከአምሳለ ጋር ነኝ፤ ሸራ ለብሰናል። ኹሩ፣ ክረምት የሚሞላው ጅረት፣ ውስጥ ስንገባ ውሃው ከበሩ ሥር ደረሰ። መሐል ላይ ሞተሩ ጠፋ።

ያን ዝምታ መግለጽ አልችልም። ዝናቡ ነበር፣ አምሳለ ነበረች፣ ግን ዝምታ ነበር። ሰዎቹ እስከ ጉልበታቸው ሰጥመው ቆመዋል። መግፋት ቀርቶ እግራቸውን መንቀል አልቻሉም። የያዝኩት እጅ ገና ሞቃት ነው። ሙቀቱን እየለካሁ ነበር።

አደም በመስኮቱ ራሱን አውጥቶ «ሲት ያለም፣ ሁለት ጊዜ አላለም ጎንደሬው?» አለኝ።

«ብሏል» አልኩት።

«እንግዲህ ይቺ ሁለተኛዋ ናት። ቢስሚላህ።»

አዞረ። ተነሳች፣ ጋሼ! ውሃ ውስጥ ቆማ ተነሳች።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ረፋድ ሆኖ ነበር። ገዳሪፍ ሆስፒታል ውስጥ በቢላ ወለደች። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ሴት ልጅ ናት። አደም ልብሱ እስከ ወገቡ ጭቃ ስለሆነ ወደ ውስጥ አላስገቡትም፤ በመስኮት አሳየሁት። አይቷት ሲያበቃ ወደ ፒካፗ ሄዶ ኮፈኗን ከፈተ። ምን ያይ እንደነበር አላውቅም። ብዙ ቆየ።

የዘገየሁት በዚህ ምክንያት አይደለም። ከሰኔ ወዲህ የተነበበውን አልሰማንም። የራሒማ ድንጋዮች ፀሐይ ስላጡ አልሠሩም። ታምሬ ተነብቦ ይሆናል፤ ሳይነበብም ይሆናል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው ሳምንታት የፈጀብኝ። መንገዱ ደርቆ ፒካፗ በየቀኑ መነዳት ስትጀምር አደም ሽቦውን በመዝጊያው በኩል መልሶ ያስራል። ያመለጠን ግን አምልጦናል።

ለእትዬ ደብሪቱ ምን እንደሚሏት አላውቅም።

ያለምወርቅ

*

ጎንደር፣ ጥቅምት 2 ቀን 1981 ዓ.ም.

ልጄ ያለም፣

በሄድሽበት መንገድ ሁሉ መሬቱ ይጠንክርልሽ። ለአደም፣ ለሙሉዬ፣ ለራሒማ፣ አገዳ ለተሸከሙት ሁሉ ሰላምታዬን አድርሽ። እኔ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ የማውቀውን ነው የነገርኳችሁ። እናንተ ግን ውሃ ውስጥ ሆናችሁ አመናችሁት።

ሠላሳ ዓመት መኪና ሲነሳ ሰምቻለሁ። ሥራዬ ስለሆነ ልብ ብዬው አላውቅም። የናንተዋን ግን ሳልሰማት ሰማኋት። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ቁልፍ ሲያዞር ሥራዬን ትቼ አዳምጣለሁ። ሰዎቹ ምን ነካው ይሉኛል።

ስለ ታምሬ ወሬ የለም።

ደብዳቤሽን ይዤ ቤት ገባሁ። ደብሪቱ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ይህንኑ ብቻ ሳይሆን የሚያዝያውንም አውጥቼ ከመጀመሪያው አነበብኩላት። ራዲዮውን፣ ስሞቹን፣ አንቺ የታምሬን ስም ስታዳምጪ እንደከረምሽ። ከዚያ ሽቦውን ፍቱ ያልኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት። ምስሩን መልቀም አላቆመችም። ጣቷ ግን ድንጋዩንም ምስሩንም ወደ አንድ ወገን መግፋት ጀመረ።

ኹሩ ውስጥ ሞተሩ የጠፋበት ጋ ስደርስ እጇን አቆመች። ሁለተኛዋን ሳነብላት ትንፋሿን ለቀቀች።

ጨረስኩ። ወረቀቱን አጠፍኩ። የምትለኝን ልቀበል ተዘጋጅቼ ነበር፤ ምንም ብትል ይገባኛል።

«የተወለደችው ሴት ናት አልከኝ?» አለች።

«ሴት ናት።»

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አነሳችና አጠገቧ አስቀመጠችው።

«እሰይ» አለች። «አይወስዷትም።»

አንዳርጋቸው